ለኮራል ገንዳ የሚሆን ጨው፦ አመራረጡና አበጣበጡ

ኮራል በቤቱ ለማኖር የቆረጠ ሰው ገንዳውን፣ መብራቱንና ፓምፑን ገዝቶ ሲያበቃ ጨው መግዛት ይቀረዋል። ሱቅ ሲገባ በመደርደሪያው ላይ የተለያየ ባልዲና ከረጢት ተደርድሮ ያገኛል። አንዱ «ተፈጥሯዊ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሌላው «ለኮራል የዳበረ»፤ ሌላው ደግሞ በውስጡ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ብዛት ይቆጥራል። ዋጋቸውም የተራራቀ ነው። ገዢው በተፈጥሮው የሚያዘነብለው ብዙ ማዕድን ይዣለሁ ወደሚለው ነው፤ እንስሳቱን የሚወድ ሰው የተሻለውን ሊሰጣቸው መፈለጉ አያስወቅሰውም። የዚህ ምዕራፍ መከራከሪያ ግን ይህን ዝንባሌ የሚቃወም ነው። ጥሩ ጨው የሚባለው ዛሬ የሚበጠበጠውን ውሃ ባለፈው ወር ከተበጠበጠው ጋርም፣ ገንዳው ውስጥ ካለው ጋርም አንድ ዓይነት ለማድረግ የሚያስችል ጨው ነው። የዚህን ግማሽ ፋብሪካው ይሰጣል፤ ሌላው ግማሽ ያለው በሚበጠብጠው ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ምርጫውና አበጣበጡ እንደ ሁለት ጉዳይ ሊታዩ አይገባም።

የባሕር ጨው ምንድን ነው?

በአንድ ኪሎ የውቅያኖስ ውሃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ የሟሟ ጨው አለ። ከዚህ ውስጥ 19.4 ግራም ያህሉ ክሎራይድ፣ 10.8 ግራሙ ሶዲየም፣ 2.7 ግራሙ ሰልፌት፣ 1.3 ግራሙ ደግሞ ማግኒዚየም ነው። ካልሲየምና ፖታሲየም እያንዳንዳቸው ከ0.4 ግራም ብዙም አይበልጡም። እነዚህ ስድስቱ ከጠቅላላው ጨው 99 በመቶውን ያህል ይይዛሉ። በቀረው ጥቂት ውስጥ ባይካርቦኔት፣ ብሮማይድ፣ ቦሮን፣ ስትሮንሺየምና ፍሎራይድ ይገኛሉ። ከእነሱም እጅግ ዝቅ ብሎ እንደ ብረት፣ ዚንክና መዳብ ያሉት አሉ፤ መጠናቸው በሊትር ከሚሊግራም አንድ ሺህኛ የማይደርስበት ጊዜ ብዙ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፦ ድንጋያማ ኮራሎች አጥንታቸውን የሚገነቡት ከካልሲየምና ከባይካርቦኔት ነው። ሕይወታቸው የተመሠረተው በብዛት ካለው ጨው ይልቅ በትንሹ ላይ ነው ማለት ነው። የገበታ ጨው ግን ሶዲየምና ክሎራይድ ብቻ ስለሆነ የባሕርን ጣዕም ቢሰጥም ኮራሉ የሚኖርበትን ውሃ አይሰጥም።

የባሕር ውሃ ትልቁ ጠባይ የምጣኔው ጽናት ነው። በስዊዘርላንድ ተወልዶ በለንደን የሠራው ሐኪምና ኬሚስት አሌክሳንደር ማርሴ እ.ኤ.አ. በ1819 ከተለያዩ ባሕሮች የተቀዳ ውሃ መርምሮ ጨዋማነቱ ቢለያይም የጨዎቹ እርስ በርስ ምጣኔ ተቀራራቢ መሆኑን አመለከተ። ዴንማርካዊው ዮሐን ጆርጅ ፎርክሃመር በ1865 ሐሳቡን አጠናከረ። ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን በዞረችው ቻሌንጀር በተባለች የእንግሊዝ መርከብ የተሰበሰቡ 77 ናሙናዎችን የመረመረው ዊልያም ዲትማር ደግሞ በ1884 ባሳተመው ውጤት ነገሩን ከጥርጣሬ አወጣው። ከዳርቻና ከወንዝ አፍ ርቆ በተቀዳ ውሃ ውስጥ የማግኒዚየሙ፣ የሰልፌቱና የፖታሲየሙ ድርሻ ከባሕር ባሕር አይለዋወጥም ለማለት ይቻላል። ኮራል የኖረው እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ነው። በቤት ውስጥ ያለ ገንዳ ውቅያኖስን በስፋት ሊተካው አይችልም፤ በምጣኔ ግን ሊመስለው ይችላል፤ ጨው የሚገዛውም ለዚሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ጨው ሁሉ መነሻው ባሕር ከሆነ ከመሬት የሚቆፈረው ጨው ስለምን አይሆንም? ለዚህ መልስ ከራሳችን ከዳናኪል የተሻለ አስረጂ አይገኝም። ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ በሚወርደው በዚያ ሜዳ፣ በአሳሌ ሐይቅ ዙሪያ እየተቆረጠ በግመል የሚጫነውና አሞሌ እየተባለ ገንዘብ ሆኖ ያገለገለው ጨው በጥንት ዘመን ከቀይ ባሕር ገብቶ የደረቀ ውሃ ቅሪት ነው፤ በሜዳው ጠርዝ ላይ የቅሪተ አካል ኮራሎች ዛሬም ይታያሉ። ይሁንና የባሕር ውሃ ሲተን ጨዎቹ በአንድ ጊዜ አይቀሩም። መጀመሪያ ካልሲየም ካርቦኔት ይዘቅጣል። ውሃው ወደ አምስተኛው ገደማ ሲወርድ ጂፕሰም ይከተላል። ወደ አሥረኛው ሲቀርብ የገበታ ጨው ይረጋል። የማግኒዚየምና የፖታሲየም ጨዎች የሚቀሩት በመጨረሻ ነው። የጂፕሰሙ፣ የአሞሌውና የዳሎሉ ፖታሽ ንብርብሮች ተለያይተው የተገኙት በዚህ ቅደም ተከተል የተነሳ ነው። ስለዚህ አሞሌ የባሕር ልጅ ቢሆንም የባሕር ውሃን መልሶ መሥራት አይችልም፤ ሲደርቅ የተለያዩት ወንድሞቹ አብረውት የሉምና።

የተለያዩትን መልሶ ማገናኘት የሰው ሥራ ሆነ። አኳሪየም የሚለውን ስም በሕዝብ ዘንድ ያስለመደው እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ በ1854 ከአራት ጨዎች ብቻ፣ ማለትም ከገበታ ጨው፣ ከኤፕሰም ጨው፣ ከማግኒዚየም ክሎራይድና ከፖታሲየም ክሎራይድ፣ ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ ሠርቶ የባሕር እንስሳትና ዕፅዋት አኖረበት። ዝርዝሩ ውስጥ የካልሲየም ጨው አልነበረም። ለአኔሞኒ የበቃው ያ ውሃ አጥንት ለሚገነባ ኮራል እንደማይበቃ ዛሬ እናውቃለን። «ታዲያ የጎደለውን ጨምሬ ራሴ ብቀምመውስ?» የሚል ሰው ሐሳቡ የተሳሳተ አይደለም፤ ችግሩ ንጽሕና ነው። በአንድ ሊትር ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ ውስጥ 25 ግራም ያህል የገበታ ጨው ይገባል። በዚያ ጨው ኪሎ ውስጥ 2 ሚሊግራም መዳብ ቢኖር በቀን ጥቂት ግራም ለሚቀምስ ሰው ምንም አይደለም። በገንዳው ውስጥ ግን በሊትር 50 ማይክሮግራም ይሆናል፤ በገላጣው ውቅያኖስ ያለው መዳብ ከ1 ማይክሮግራም በታች ነው። የዓሣን ጥገኛ ተሕዋስያን ለመግደል የሚታዘዘው መዳብ ከ150 እስከ 200 ማይክሮግራም መሆኑንና ያም መጠን ኮራልንና ሽሪምፕን እንደሚጨርስ ስናስብ፣ ለምግብ ንጹሕ የሆነ ሁሉ ለኮራል ንጹሕ እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል።

ምርጫው የሚቆመው በምን ላይ ነው?

አሁን ወደ መደርደሪያው እንመለስ። ብዙ ንጥረ ነገር መቁጠር ከጥራት ጋር ግንኙነት አለው? ማርሊን አትኪንሰንና ክሬግ ቢንግማን በ1998 ስምንት የንግድ ጨዎችን ከተፈጥሮ የባሕር ውሃ ጋር አነጻጽረው አንድ አስተማሪ ነገር አገኙ። ዋና ዋናዎቹ አዮኖች በጥቅሉ ከባሕር ውሃ ጋር ተቀራራቢ ሆኑ፤ ከባሕር ውሃ በብዙ እጥፍ በልጠው የተገኙት ጥቃቅኖቹ ብረቶች ናቸው። ፋብሪካዎች ቀመራቸውን ስለሚለዋውጡ የዚያ ዘመን ቁጥር ለዛሬ ከረጢት ማስረጃ አይሆንም፤ ከበስተጀርባው ያለው ምክንያት ግን አሁንም ይሠራል። ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ማንም ሳይጠራቸው ከዋናዎቹ ጨዎች ጋር እንደ ጉድፍ ተሸክመው ይገባሉ። ስለዚህ የሚያሳስበን ማነሳቸው ሳይሆን መብዛታቸው ነው። በከረጢቱ ጀርባ የሰባ ንጥረ ነገር ስም መዘርዘሩ ስለ መጠናቸው የሚነግረን ነገር የለም፤ ሰባውም በጉድፍነት ተገኝተው ሊሆን ይችላል።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃልም በዚሁ ሚዛን ይመዘን። እውነተኛ የባሕር ውሃን በፀሐይ አትንነው የሚሠሩ አምራቾች አሉ፤ ሥራቸውም የተከበረ ነው። ነገር ግን በዳናኪል ያየነው ሕግ በእነሱም ገንዳ ላይ ይሠራል። ውሃው ሲደርቅ ካልሲየም ካርቦኔቱ መጀመሪያ ይዘቅጣል፤ ተመልሶም በቀላሉ አይሟሟም። ማግኒዚየም ክሎራይዱ ደግሞ እርጥበት ስለሚስብ ደረቅ አድርጎ መሸጥ ያስቸግራል። ስለዚህ አምራቹ የጎደለውን ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ካርቦኔት ከውጭ መጨመር ግድ ይለዋል። በመጨረሻ ከባሕር የተነሳውም ከፋብሪካ የተነሳውም ከረጢት የሚዳኙት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ተበጥብጦ በ35 ጨዋማነት ሲለካ ምን ይሰጣል? ውሃ ውስጥ የገባ የካልሲየም አዮን ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ምልክት አይዝም፤ ኮራሉም አይለየውም።

ከሚለኩት ነገሮች ሁሉ ቀዳሚ መሆን ያለበት አልካሊነት ነው። አልካሊነት ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ ሲሆን በባሕር ውሃ ውስጥ በአብዛኛው የሚመጣው ከባይካርቦኔትና ከካርቦኔት ነው። የተፈጥሮ ባሕር ውሃ በአርቢዎች መለኪያ 7 ዲኬኤች ያህል አለው። ቀዳሚ የሚሆንበትን ምክንያት ቁጥር ያስረዳል። ኮራል አጥንቱን ሲገነባ ለእያንዳንዱ 1 ዲኬኤች አልካሊነት 7 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ከአንድ ሊትር ውሃ ይወስዳል። በቀን 1 ዲኬኤች የሚበላ ገንዳ ለአንድ ሳምንት ምንም ሳይጨመርበት ቢቆይ፣ በስሌት ካልሲየሙ ከ420 ወደ 370 ሲወርድ አልካሊነቱ ከ8 ወደ 1 ይወርዳል። በካልሲየሙ ላይ የደረሰው ጉድለት ኮራሉ ሊታገሠው የሚችል ነው። በአልካሊነቱ ላይ የደረሰው ግን ጥፋት ነው። እንግዲህ የካልሲየሙ ቁጥር በከረጢት ላይ በጉልህ የሚጻፍ ቢሆንም በ410 እና በ450 መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ራስ ምታት የሚገባው አይደለም። የአልካሊነቱ ልዩነት ግን ይገባዋል፤ በገበያ ላይ በ7 እና በ8 መካከል የሚበጠበጡም፣ 12 የሚደርሱም ጨዎች አሉና።

የበለጸገውን ጨው የሚደግፉ ሰዎች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ኮራሉ በየቀኑ የሚበላ ከሆነ በየሳምንቱ የሚቀየረው ውሃ ከፍ ያለ አልካሊነትና ካልሲየም ይዞ ቢመጣ የተበላውን ይተካል ይላሉ። ሐሳቡ ያሳምናል፤ ሒሳቡ ግን አይደግፈውም። በየሳምንቱ የውሃውን 10 በመቶ የሚቀይር ሰው ገንዳው 8 ዲኬኤች ላይ ሳለ 12 ዲኬኤች ያለው ውሃ ቢጨምር የሚያገኘው ጭማሪ 0.4 ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት የተበላው ግን 7 ነው። ጉድለቱን በውሃ ቅያሬ ብቻ ለመሙላት የሚያስፈልገው የውሃ ብዛት ማንም የሚችለው አይደለም፤ ቢቻልም ውሃው በየሳምንቱ ከታች ወደ ላይ እየዘለለ ኮራሉን ያስጨንቀዋል። የዕለት ፍጆታን መተካት በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚጨመሩ የካልሲየምና የካርቦኔት ሙሙቶች፣ የኖራ ውሃ ወይም የካልሲየም ሪአክተር ሥራ ነው። የበለጸገ ጨው የሚጠቅምበት ቦታ አለ፤ ጥቂት ትንንሽ ኮራሎች ባሉበት፣ ፍጆታው እምብዛም በሆነበት ገንዳ ሌላ ጭማሪ ሳያስፈልግ ሊያቆይ ይችላል። ኮራሎቹ ሲያድጉ ግን ይህ ጥቅም ያበቃል።

ተቃዋሚው ሊቀጥል ይችላል፦ ፍጆታው በሙሙት የሚተካ ከሆነ ውሃ መቀየር ለምን አስፈለገ? ናይትሬትንና የተጠራቀመ ቆሻሻን ማቅለሉ አንድ መልስ ነው። ጥልቁ መልስ ግን ምጣኔ ነው። በየቀኑ ካልሲየም ክሎራይድና ሶዲየም ባይካርቦኔት ስንጨምር ኮራሉ ካልሲየሙንና ካርቦኔቱን ወስዶ ሶዲየሙንና ክሎራይዱን ይተውልናል፤ የገበታ ጨው ማለት ነው። 1 ዲኬኤች በተተካ ቁጥር በሊትር 21 ሚሊግራም ያህል የገበታ ጨው ይቀራል። በቀን 1 ዲኬኤች በሚበላው ገንዳ ይህ በዓመት 7.6 ግራም ይሆናል። ጠቅላላ ጨዋማነቱን ባለቤቱ በ35 ላይ ካቆየው፣ ያ ትርፍ ቦታ የሚይዘው ሰልፌቱን፣ ፖታሲየሙንና ሌሎቹን አስለቅቆ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ያልተተኩት አዮኖች ከድርሻቸው አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣሉ፤ መለኪያው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 35 እንዳለ ይኖራል። ማርሴና ዲትማር በውቅያኖስ ያዩትን ጽናት በገንዳ ውስጥ የሚጠብቀው የውሃ ቅያሬ ነው። ከዚህ አንጻር የጨው ከረጢት ተልእኮ ኮራልን መመገብ መሆኑ ቀርቶ የተዛባን ምጣኔ ወደ ቦታው መመለስ ይሆናል። ለዚህ ተልእኮ ደግሞ ለባሕር ውሃ የቀረበ፣ ከከረጢት ከረጢት የማይለዋወጥ ጨው ይሻላል።

ምርጫው እንግዲህ እንዲህ ይቀላል። ባለቤቱ መጀመሪያ የራሱን ገንዳ ይለካ። ገንዳው በ7.5 እና በ8.5 ዲኬኤች መካከል የሚኖር ከሆነ በዚያው ክልል የሚበጠበጥ ጨው ይምረጥ። በ7.5 ገንዳ ላይ 12 ዲኬኤች ያለው ውሃ 10 በመቶ ሲገባ ለውጡ 0.45 ስለሆነ ያልፋል። ሕመም ወይም አደጋ ደርሶ ሲሶውን መቀየር ግድ በሚሆንበት ቀን ግን ለውጡ 1.5 ይሆናል፤ ኮራሉ በደከመበት ሰዓት የሚጫን ተጨማሪ ሸክም ነው። አልካሊነቱ የተጣጣመ ጨው በአንጻሩ ግማሹን እንኳ በድፍረት ለመቀየር ያስችላል። ዋጋውን ሲያወዳድር ደግሞ ኪሎን ከኪሎ ጋር አያስተያይ። አንዳንዶቹ ጨዎች፣ በተለይ ማግኒዚየም ክሎራይድና ካልሲየም ክሎራይድ፣ በውስጣቸው የታሰረ ውሃ ስለሚይዙ አንዱን ሊትር ወደ 35 ለማድረስ ከ35 ግራም በላይ፣ እንደ ምርቱም እስከ 40 ግራም የሚጠጋ ያስፈልጋል። ትክክለኛው ንጽጽር አንድ ሊትር የተበጠበጠ ውሃ ስንት ያወጣል የሚለው ነው።

አበጣበጥ

የተመረጠው ጨው የተባለውን የሚሰጠው ባዶ ውሃ ሲያገኝ ነው። የቧንቧ ውሃ ባዶ አይደለም፤ ለሰው ጤና ተብሎ የገባበት ክሎሪን፣ ከቱቦው የሟሟ መዳብ፣ ከምንጩ የመጣ ናይትሬት፣ ፎስፌትና ሲሊኬት ሊኖርበት ይችላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ዋሽንግተን ዲሲን እንውሰድ። ከተማዋ በ2000 ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ተሸጋገረች፤ በዚያ ለውጥ ሳቢያም የድሮ ቱቦዎች እርሳስ ወደ ውሃው እየለቀቁ የሕዝብ ጤና ቀውስ ሆኖ ነበር። ክሎሪን ያለበትን ውሃ አንድ ቀን ክፍት አሳድሮ መጠቀም ይቻል ይሆናል፤ ክሎራሚን ግን በቀላሉ አይተንም፤ ሲበተንም አሞኒያ ይተዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ውሃው ከባሕር የተጣራ ቢሆንም ለመጠጥ እንዲሆን ማዕድን ተጨምሮበት በቱቦና በጣሪያ ታንከር አልፎ ይመጣል። ስለዚህ የከሰል ማጣሪያ፣ የሪቨርስ ኦስሞሲስ ሽፋንና በመጨረሻ አዮን የሚለቅም ሙጫ ያለው ማጣሪያ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። በጥንቃቄ የተመረጠን ጨው ባልታወቀ ውሃ መበጥበጥ ምርጫውን ራሱን ይሽረዋል።

ቅደም ተከተሉም ኬሚስትሪ ነው። ሽሮ ሲሠራ ዱቄቱ በፈላው ውሃ ላይ እየተነሰነሰ ይማሰላል እንጂ ውሃው በዱቄቱ ላይ አይገለበጥም፤ ቢገለበጥ ይጓጉላል። ጨውም እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ የጓጎለ ሽሮ በማማሰያ ሲፈርስ የዘቀጠ ካልሲየም ካርቦኔት አለመፍረሱ ነው። ውሃ በጨው ክምር ላይ ሲፈስ በባልዲው ሥር እጅግ የጠነከረ ሙሙት ይፈጠራል። በዚያ ውስጥ ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ከልካይ ሳያገኙ ይገናኙና ነጭ ዝቃጭ ሆነው ይቀራሉ። ጨዋማነቱ ሲለካ 35 ሊል ይችላል፤ አልካሊነቱና ካልሲየሙ ግን ከከረጢቱ ቃል በታች ይወርዳሉ። ስለዚህ ውሃው ይቅደም፤ ፓምፕ እያንቀሳቀሰው ጨው ጥቂት በጥቂት ይጨመርበት። ካልሲየም ካርቦኔት ከአብዛኞቹ ጨዎች በተቃራኒ ሙቀት ሲጨምር መሟሟቱ ይቀንሳል። ከዚህም የተነሳ ውሃው በክፍል ሙቀት እያለ መበጥበጥና ማሞቂያውን ጨው ከሟሟ በኋላ መክፈት ይሻላል። ያልሟሟ ጨውን እንስሳት ባሉበት ገንዳ ውስጥ በቀጥታ መጨመር ግን በምንም ምክንያት አይደረግም፤ ቅንጣቱ ያረፈበትን ሥጋ ያቃጥላል።

ለምን ያህል ጊዜ ይማሰል? በዚህ ላይ ክርክር አለ፤ አንዳንዱ ቀንና ሌሊት ይላል፣ አንዳንዱ ጥቂት ሰዓት። ሁለቱም መሠረት አላቸው። ረጅም ጊዜ መማሰሉ ውሃው ከአየር ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለዋውጦ ፒኤቹ እንዲረጋጋ ይረዳል። አልካሊነቱ ከፍ ያለ ጨው ግን ሞቆ ረጅም ሰዓት ሲናጥ መዝቀጥ ይጀምራል፤ አንዳንድ አምራቾች ከጥቂት ሰዓት በላይ እንዳይማሰል የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው። መፍትሔው የአምራቹን መመሪያ መከተልና ውሃው ጠርቶ ሁለት ጊዜ የተለካው ጨዋማነት አንድ ሲሆን መጠቀም ነው። እዚህ ላይ ለባሕር ውሃ የቀረበው ጨው ሌላ ብልጫ ያሳያል፤ አልካሊነቱ መካከለኛ ስለሆነ ተከድኖ ቢቀመጥም ብዙም አይዘቅጥም። ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ የተዘጋጀ ውሃ በእጅ መኖሩ ስንት ኮራል እንደሚያድን ለሚያውቅ አርቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ዓይነትነት የሚጠፋበት ሌላው ቦታ ከረጢቱ ራሱ ነው። ቅንጣቶቹ በመጠንና በክብደት ስለሚለያዩ በጉዞ ላይ ሲነቃነቁ ይለያያሉ፤ ከላይ የተጨለፈው ከሥር ካለው ጋር ላይመሳሰል ይችላል። የተከፈተ ከረጢት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የረጠበው ካልሲየም ገና ውሃ ሳያይ ከካርቦኔቱ ጋር ይጣመራል። ባልዲውን ከመጨለፍ በፊት ማንከባለል፣ አየር በማያስገባ ክዳን መዝጋት፣ ከተቻለም አንዱን ከረጢት በአንድ ጊዜ መበጥበጥ የሚመከረው ለዚህ ነው። በኩባያ ከመስፈር በሚዛን መመዘን ይሻላል፤ እርጥበት የጠጣ ጨው በኩባያ ያው ይመስላልና። የተለመደው ክብደት አንድ ቀን ዝቅ ያለ ጨዋማነት ከሰጠ፣ ጨው ውሃ እንደጠጣ መለኪያው ራሱ ነገረን ማለት ነው።

መለኪያውም ካልታረመ ያሳስታል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 35 ጨዋማነት ያለው የባሕር ውሃ አንጻራዊ እፍጋቱ 1.0264 ሲሆን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ 53 ሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር ነው። ርካሹ ባለ መርፌ ሃይድሮሜትር አንዲት የአየር አረፋ ከመርፌው ጋር ስትጣበቅ ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ሪፍራክቶሜትር የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በንጹሕ ውሃ ዜሮ ላይ ማረም ብቻ 35 ላይ ልክ ለመሆኑ ዋስትና አይሆንም። የሚታረመው እዚያው በሚሠራበት ቦታ ነው። ለዚህ የሚሸጥ ሙሙት አለ፤ ከሌለም 36.5 ግራም ንጹሕ የገበታ ጨው በ963.5 ግራም ንጹሕ ውሃ ሲሟሟ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 35 ጨዋማነት ካለው የባሕር ውሃ ጋር እኩል ነው። መለኪያው ሲዛባ ጨዋማነቱ ብቻ ተዛብቶ አይቀርም፤ በ32 የተበጠበጠ ጨው አልካሊነቱም ካልሲየሙም በአሥረኛ ገደማ ስለሚወርድ ባለቤቱ ጥፋቱን በጨው አምራቹ ላይ ይጥላል።

ቀይ ባሕርን የሚያውቅ አንባቢ 35 ከየት መጣ ሊል ይችላል። በቀይ ባሕር ሰሜን ጨዋማነቱ 40 ይደርሳል፤ ኮራሎቹም ለምልመው ይኖሩበታል። እውነት ነው። ሆኖም በገበያ የሚገኙት ኮራሎች አብዛኞቹ እንደ ኢንዶኔዥያና አውስትራሊያ ካሉ አገሮች የሚመጡና ወደ 35 በሚቀርብ ውሃ ውስጥ የኖሩ ናቸው። ከዚያም በላይ የቀይ ባሕር ውሃ በጨዋማነት ቢበልጥም በምጣኔ ያው ነው። እንስሳው የሚላመደው ከጸና ነገር ጋር ነው፤ ዛሬ 33፣ ነገ 36 በሚሆን ውሃ ውስጥ ግን የሚላመድበት ነገር የለውም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከልምድ የሚነሳ ነው። ያገኘውን ጨው በቧንቧ ውሃ በጥብጦ፣ ሳይለካ፣ ያማረ ገንዳ የያዘ ሰው አይጠፋም። ይህ መካድ የለበትም፤ መመርመር ግን አለበት። ለስላሳ ኮራሎች አጥንት ስለማይገነቡ ብዙ ይታገሣሉ። ትልቅ ገንዳም በየሳምንቱ ጥቂት ውሃ ብቻ ሲቀየርለት ስሕተቱን ያቀልለዋል። በአንዳንድ ከተማ ደግሞ የቧንቧው ውሃ በዕድል ንጹሕ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ያሳዩን ስሕተት የማይጎዳበት ሁኔታ መኖሩን ነው፤ ስሕተቱ ጥቅም እንዳለው አላሳዩም። ገንዳው አነስ ያለ፣ ኮራሉም ድንጋያማ ሲሆን ያ ልቅነት ይጠባል። ኪሳራ ሲደርስም ምን እንደለወጠ የማያውቅ ሰው ምን ማስተካከል እንዳለበት አያውቅም። በአንድ ጨው፣ በአንድ ዓይነት ውሃ፣ በአንድ አበጣበጥ የጸና ሰው ግን ችግር ሲመጣ ጨውን ከተጠርጣሪዎች አውጥቶ ወደ ሌላው መሄድ ይችላል።

ድንጋያማ ኮራሎች በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዳቸው ቁጥጥር የሚደረግበት እንስሳት ናቸው፤ በባሕር ውስጥ ያሉትም በሙቀት እየነጡ በየጊዜው ይረግፋሉ። ከዚያ ተነቅሎ ወደ ቤት የመጣን ኮራል ማኖር ኃላፊነት ነው፤ ኃላፊነቱም የሚጀምረው ከጨው ነው። አዲስ ከረጢት ሲከፈት አንድ ባልዲ ብቻ በጥብጦ ጨዋማነቱን፣ አልካሊነቱን፣ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን መለካት፣ ቁጥሩን ጽፎ ከገንዳው ጋር ማስተያየት፣ ካልተጣጣመ ወደ ገንዳው አለማስገባት ከአንድ ምሽት በላይ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ይህን ፈተና በተከታታይ ከረጢቶች ላይ የሚያልፍ ጨው፣ ስሙ ቢከብርም ባይከብርም፣ ዋጋው ቢወደድም ቢረክስም፣ ለዚያ ገንዳ ትክክለኛው ጨው ነው። አንዴ ከተገኘ በኋላ በማስታወቂያ ምክንያት አይለወጥ።